የእድሩ መዝገብ የማይጠይቀው

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ቅዳሜ ጠዋት መገናኛ አካባቢ ሳጥን ይዤ ቆሜያለሁ። ሳጥኑ የጫማ ካርቶን ነው። ነጭ ወረቀት አልብሰነው፣ ከላዩ ብር የሚገባበት ቀዳዳ በምላጭ ከፍተንለታል። ፊቱ ላይ የጎረቤታችን ፎቶ ተለጥፏል። ከኋላዬ አይሱዙ ቆሟል። ጎኑ ላይ ባነር፣ አናቱ ላይ ድምፅ ማጉያ አለው። «ለወገን ደራሽ ወገን ነው! የዚህ ወንድማችሁ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል!» ይላል ማይኩን የያዘው ልጅ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል።

ብዙ ሰው ሰጠን። አንዲት ተማሪ የታክሲዋን ብር ከተተች። ሎተሪ አዟሪው አሥር ብር አጣጥፎ ጨመረ። ሕዝባችን ሩህሩህ ነው፤ ያን ቀን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከብሩ በፊት ግን ጥያቄ ይመጣ ነበር። «ምን ሆኖ ነው?» «ልጆች አሉት?» «የሆስፒታል ማስረጃ አላችሁ?» ማስረጃውን በፕላስቲክ ለብጠን አንገታችን ላይ አንጠልጥለነዋል። አንዳንዱ ቆሞ ማኅተሙን ያያል። አልቀየምኩም። አጭበርባሪ በዝቷል፣ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

አንዲት ሴትዮ ግን ፎቶውን ትክ ብላ አየችና «ይጠጣ ነበር?» አለችኝ።

«ኧረ አይጠጣም» አልኳት።

ቦርሳዋን ከፍታ መቶ ብር አስገባች። «እግዚአብሔር ይማረው» ብላ ሄደች። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ቢራ ይጠጣ ነበር። ዋሸሁላት። እውነቱን ብነግራትስ? መቶው ብር ይቀር ነበር? ኩላሊቱ የደከመው በቢራ አልነበረም። እሷ ግን የምትፈልገው የሐኪም መልስ አልነበረም። የምታዝንለት ሰው ሊታዘንለት የሚገባ መሆኑን ማረጋገጥ ነበር የፈለገችው። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጎረቤታችን በያጅ ነበር። የሰፈራችን የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ ግማሹ የሱ እጅ ነው። የኛም ግቢ በር። አንድ ጊዜ ራሱን አዞረውና ጤና ጣቢያ ሲለካ ደም ብዛት አለብህ ተባለ። ክኒን ተሰጠው። ሁለት ወር ዋጠ። ደህና የሆነ ሲመስለው ተወው። ደም ብዛት እንዲህ ነው፤ አያምም፣ አይጮህም። ወገቡን ሲያመው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ እየገዛ ይውጥ ነበር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ለዓመታት። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረን ደም ብዛቱም ማስታገሻውም ኩላሊት ይጎዳሉ። እግሩ ሲያብጥ ጫማ ጠበበኝ አለ። ፊቱ ሲያብጥ እንቅልፍ ነው አለ። ሆስፒታል ሲደርስ ኩላሊቶቹ አልቀዋል።

የኩላሊት እጥበት ማለት ደሙን በማሽን ማጣራት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል። የኛው ሰው በሁለት ጀመረ። ያኔ እሱ የሚታጠብበት ቦታ አንዱ ዙር 2,000 ብር ገደማ ነበር። ሱቁን ሸጠ። የብየዳ ማሽኑን ሸጠ። ቀጥሎ እኛ ሳጥን ይዘን ወጣን። ሳጥኑ ሲሳሳ ሁለቱ አንድ ሆነ።

አንድ ማታ ብር እየቆጠርን ነው። አምስቶችን ለብቻ፣ አሥሮችን ለብቻ እንደረድራለን። ከመካከላችን አንዱ ቀና ሳይል «እኔ የምለው... መድኃኒቱን የተወው ራሱ አይደል?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። እኔ ተናደድኩ። የተናደድኩት ግን ያለው ነገር ውሸት ስላልሆነ ነው። እውነት ነው፣ ክኒኑን የተወው ራሱ ነው።

ለብዙ ሌሊት ይህን ነገር እያገላበጥኩ አደርኩ። ክኒኑን መተው የሱ ጥፋት ነው። እሺ። ለመለካት ሲሄድ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ይቀርበታል፤ በያጅ ካልበየደ አይበላም። ሲቀር «ለምን ቀረህ?» ብሎ የጠራው የለም። ማስታገሻውን ያለ ወረቀት የሸጠለት ሰው አለ። ያን ሻጭ መቆጣጠር የነበረበት ሌላ አለ። እኔም አለሁ፤ እግሩ ሲያብጥ አይቼ «ጨው ቀንስ» ብዬ ያለፍኩ ጎረቤቱ። ስንት እጁ የሱ ነው፣ ስንት እጁ የኛ? ላካፍለው ሞከርኩ፤ አልተካፈለልኝም።

ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አረፈ። በአምስተኛው ወር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱ አንባቢ ያውቀዋል፤ እኔ ግን እንደ አዲስ ነው ያየሁት። ጡሩምባው ተነፋ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳን ተተከለ። አግዳሚው፣ ሰሃኑ፣ ትልልቁ ድስት ከእድሩ ቤት ወጣ። ተረኛ ሴቶች መጥተው ንፍሮ ጣዱ። ማንም ማንንም አልለመነም። ማይክ አልነበረም፣ ባነር አልነበረም። አምስት ወር ሙሉ ስንለምናቸው «ወር ይድረስ» ሲሉን የነበሩ ሰዎች ሥራ ቀርተው ሬሳ ተሸከሙ። መጥፎ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም ያኔ ያልሰጡት። ለህመሙ የተጻፈ ደንብ የለም፤ ለሞቱ አለ።

በሦስተኛው ቀን የእድሩ ዳኛና ገንዘብ ያዡ ፖስታ ይዘው መጡ። 15,000 ብር። ባለቤቱ ፈረመች። ፖስታውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ይሄ ብር ባለፈው ወር ቢሆን ኖሮ ሰባት ጊዜ ያሳጥበው ነበር» አለች። ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። የሚሉት አልነበራቸውም። ደንቡን አክብረው ነው የመጡት።

የዚያኑ ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ዓይናቸው ስለደከመ መዝገቡን እኔ ያዝኩ። ጥግ ጥጉ የተበላ ትልቅ ደብተር ነው። የሟች ስም፣ ለአባሉ ያለው ዝምድና፣ ቀን፣ የተከፈለ ብር፣ ፊርማ። ለአባል ይህን ያህል፣ ለትዳር ጓደኛ ይህን ያህል፣ ለልጅ፣ ለወላጅ። የጎረቤቴን መስመር ፈልጌ አገኘሁት። ከላይ ወደ ታች ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። የሞተበት ምክንያት የሚል ዓምድ የለም። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ማንም «ምን ገደለው? ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ አልጻፈም። እዚያ ደብተር ውስጥ ሰክሮ ገደል የገባ አለ። በወሊድ የሞተች አለች። አልጋው ላይ በሰላም ያረፈ ሽማግሌ አለ። ሁሉም እኩል መስመር ነው የተሰጣቸው።

እድር የዘፈቀደ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ካለ ግን ተሳስቷል። ከእድር በላይ ሰውን በግሉ የሚጠይቅ ነገር አላውቅም። ቀብር ካልመጣህ ትቀጣለህ። ተራህ ሆኖ ድንኳን ካላፈረስክ ትቀጣለህ። ወርሃዊውን ካቆየህ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ከበዛ ትሰረዛለህ። ሀብታሙም ደሃውም ስሙ ይጠራል። ሰነፍ ቦታ የለውም። ማለትም የግል ኃላፊነቱ ሳይቀነስ፣ ችግሩ ሲመጣ ግን የጋራ ነው።

በፖለቲካችን ውስጥ ይህን ነገር ለሁለት ቆርጠን ነው የምንጣላበት። አንዱ ወገን «ሰው ራሱን ይቻል፣ ሁሉን ከመንግሥት አትጠብቅ» ይላል። ሌላው «መንግሥት የት ነበር?» ይላል። የታክሲ ውስጥ ጭቅጭቅ ስሙ፣ የቴሌቪዥን ውይይት ስሙ፣ እዚያው ነው የሚሽከረከረው። እናቴ ግን ሁለቱንም አብራ ትኖረዋለች። በየወሩ መጀመሪያ እሁድ የእድር ብሯን በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ ትወጣለች። ግዴታዋን ትወጣለች፤ ሌላውም እንደሚወጣላት ታውቃለች። ምነው አገር ላይ ሲደርስ ይህ ጠፋብን?

በቀጣዩ ዓመት በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀረብኩ። በወር 20 ብር ጨምረን ለህመም የሚሆን ሳጥን እንክፈት አልኩ። ሐሳቡ የኔ ፈጠራ አይደለም። አባል ሲታመም የሚረዱ እድሮች አሉ። ክርክሩ ግን ከባድ ነበር። አንድ ሰው ተነስቶ «እኔ በጥዋት እየተነሳሁ እሮጣለሁ፣ ሲጋራ አላጨስም። የጠጪ ጉበት ላሳክም ነው?» አለ። አንዳንዱ አጨበጨበ። አልፈረድኩበትም። በሥርዓት የሚኖር ሰው ነው፣ ተበደልኩ ቢል ይገባኛል።

ከኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። ሳይነሱ ነው የተናገሩት።

«ባለፈው ዓመት ልጄን ቀበራችሁልኝ። ሞተር ሳይክል እየጋለበ ነው የሞተው። ስንት ጊዜ ለምኜው እምቢ ብሎ። ጥፋቱ የሱ ነበር። ድንኳን ስትተክሉልኝ ግን አንዳችሁም ጥፋቱ የማን ነው አላላችሁኝም።»

ሐሳቡ አለፈ።

ማታ ቤቴ ሄጄ አሰላሁት። 230 አባል አለን። በ20 ብር 4,600 ብር በወር። ይህ ብር ጎረቤቴን በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚያሳጥበው። የአንድ ሳምንት ነው ማለት ነው። በዚያው ወር ሌላ አባል ቢታመምስ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። እውነት ነው። ግን ሸክሙ ሃምሳ ሎሚ ሲሆን ነው። የእጥበት ሸክም ድንጋይ ነው። 230 አባወራ ቢተባበርም አያነሳውም። ፍቅር ስላነሰን አይደለም፣ ቁጥራችን ስላነሰ ነው። ነገሩ ከሰፈር ወጥቶ የአገር ጉዳይ፣ የሕግ ጉዳይ፣ የፖለቲካ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ፣ ሲያትል የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ኩላሊቱ ደከመ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ሳጥን የያዘለት ሰው የለም። «ማን ይከፍልልሃል?» ስለው «ሜዲኬር» አለኝ። ዕድሜው ገና ሃምሳ አልሞላም። ሜዲኬር ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን መሆኑን ነበር የማውቀው። ገርሞኝ ሳነብ ታሪኩ ከዚያችው ከሲያትል ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት።

እ.ኤ.አ. እስከ 1960 ድረስ የኩላሊት እጥበት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚያገለግለው፤ በየጊዜው የደም ሥር ስለሚበላሽ። በዚያ ዓመት ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር የሚባል የሲያትል ሐኪም ክንድ ላይ ተተክሎ የሚቀር ቱቦ ሠራ። ከዚያ በኋላ ሰው ለዓመታት እየታጠበ መኖር ቻለ። በ1962 ማዕከል ተከፈተ። አልጋው ግን ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ። ማን ይግባ? ይህን እንዲወስን ከኅብረተሰቡ ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጠበቃ፣ የሃይማኖት አባት፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም። ስማቸው አይነገርም ነበር። ከሚያዩት ነገር መካከል ዕድሜ፣ ትዳር፣ የልጆች ብዛት፣ ገቢ፣ ትምህርት፣ ሥራ ነበሩበት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የተሰጣቸው ሥራ ነው ክፉ።

ይህን ሳነብ የመገናኛዋ ሴትዮ መጣችብኝ። «ይጠጣ ነበር?» «ልጆች አሉት?» አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። እኛ አገር ኮሚቴው ሰባት ሰው አይደለም፣ መንገደኛው ሁሉ ነው። መልከ መልካም ፎቶ ያለው፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ የሚጮህለት ጓደኛ ያለው ይኖራል። ዘመድ የሌለው፣ ማፈር የሚያጠቃው፣ ቤቱ ዘግቶ ይሞታል። እሱን መንገድ ላይ አናየውም።

አሜሪካኖች ያን ኮሚቴ እስከ መጨረሻው አልተሸከሙትም። በ1971 ኅዳር ላይ ሼፕ ግሌዘር የሚባል ታማሚ በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ከማሽን ጋር ተያይዞ ቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት 30፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ፕሬዝዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የፈረመው ሕግ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን ምን በሜዲኬር እንዲታከም ፈቀደ። ኒክሰን ሪፐብሊካን ነበር፤ መንግሥት ብዙ ወጪ እንዲሸከም ከማይወደው ፓርቲ። አገሩም ቢሆን «ሁሉም ለራሱ» በማለት የሚታወቅ አገር ነው። ሌላው በሽታ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃቸዋል። ኩላሊት ላይ ግን ማን ይገባዋል የሚለውን ጥያቄ አስቀሩት። በነጻ ነው ማለት አይደለም። ሠርቶ መዋጮውን የከፈለ፣ ወይም የከፈለ ሰው ቤተሰብ ነው የሚያገኘው። የአክስቴ ልጅ ያንን ሁሉ ዓመት ሲነዳ ግብሩን ከፍሏል። እንደ እድር በሉት። ወጪውም ከተገመተው በላይ አሻቅቧል፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ሰው ማኖር ውድ ነው።

እኛስ? ምንም አልጀመርንም ማለት ውለታ መካድ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። ሌላዋ አክስቴ የምትኖረው ሐይቅ ነው፣ ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ። ወረዳዋ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍላል። የመክፈል አቅም የሌለው ደሃ ሲለይ መንግሥት ይከፍልለታል። አክስቴ በመጀመሪያው ዓመት አኩርፋ ነበር። «ሳልታመም ብሬ ቀረ» ትል ነበር። ጎረቤቷ ናት ያስታረቀቻት። «እድርሽን ስትከፍዪ ኖረሽ፣ ሳልሞት ብሬ ቀረ ብለሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። አክስቴ ይህን ስታወራ እስከ ዛሬ ራሷን ትነቀንቃለች።

ቀዳዳው ብዙ ነው። ካርድ ይዘህ ሄደህ መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ የሚባልበት ጊዜ አለ። የጎረቤቴን ዓይነት የረጅም ጊዜ እጥበት፣ መድህኑ ሲጀመር ከሚሸፍናቸው ሕክምናዎች ውስጥ አልነበረም። በውዴታ ብቻ ሲሆን ደግሞ ጤነኛው «እኔ ምን ቸገረኝ» ብሎ ይቀራል፣ የታመመው ይመዘገባል። ያን ጊዜ ሳጥኑ ይደርቃል። እኔ የግዴታ ይሁን ከሚሉት ነኝ። ይህን ስል «ነጻነታችንስ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ነጻነት ለኔም ትልቅ ነገር ነው። ግን ጎረቤቴ ምን ነጻነት ነበረው? ማሽኑን ለመሸጥና ላለመሸጥ? ፎቶውን መኪና ላይ እንዲለጥፉት ሲጠየቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው እሺ ያለው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የአባታቸውን ፎቶ መንገድ ላይ ያዩ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ሐኪሞቻችን ያንን መሥራት ከቻሉ የጎደለን እውቀት አይደለም። የእኛ ሰው እዚያ ለመድረስ ጊዜ አላገኘም። የምንመርጠውን ሰው ስንጠይቅ ይህን ብንጠይቀው ደስ ይለኛል። የመንገዱን አስፋልት እንጠይቃለን፣ የቋንቋውንና የባንዲራውን እንጠይቃለን። «የታመመ ሰው ሳጥን ይዞ እንዳይወጣ ምን ልታደርግ አስበሃል?» ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። እኔም ብሆን ጎረቤቴ እስኪሞት ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ጥር የጎረቤቴ ባለቤት ጠርታኝ ወረዳ አብሬያት ሄድኩ። የጤና መድህን እድሳት ነበር። ትልቁ ልጇም ከኛ ጋር ነው። የአባቱን ሙያ ይዟል፤ ሰው ሱቅ ውስጥ እየበየደ ነው። እጁ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ያቃጠላቸው ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ። መዝጋቢዋ ቅጹን አየችና «18 ሞልቶታል፣ ለሱ ለብቻው ተጨማሪ ይከፈላል» አለች።

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። «እኔ ምን ሆኜ? ጤነኛ ነኝ እኮ» አለ።

እናቱ ምንም አልመለሰችለትም። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ይጠብቃል። መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ነው። እናትየው ልጁ እጁን ኪሱ ውስጥ እስኪያስገባ ድረስ ቆማ ጠበቀችው።